እቴጌ መነን፦ ትምህርት ቤቱን ሁለት ጊዜ የከፈቱ እናት



ከወር መዋጯችን ላይ ጥቂት ጥቂት እየቀነስን ለሰፈራችን የመንግሥት ትምህርት ቤት ሴት ልጆች የምናውለው የትምህርት ድጋፍ ሒሳብ እንዳለን ታውቃላችሁ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ለመልሶ ማልማት ስትነሣ ብዙዎቻችን ወደ ገላን ጉራ፣ ወደ ቦሌ አራብሳና ወደ ሌሎች ቦታዎች ሄድን። እዚሁ ቂርቆስ የቀረንም አለን። ከዚያ ወዲህ በተገናኘን ቁጥር አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሰፈሩ ከፈረሰ፣ አባላቱ ከተበተኑ፣ ልጆቹም በየሄዱበት ከተመዘገቡ ይህ ሒሳብ ይዘጋ ወይስ ይቀጥል? እንዲዘጋ የሚሉት እህቶቻችን ምክንያት አላቸው፤ የትራንስፖርቱ ወጪ ብቻ ስንቱን ይበላል። እንዲቀጥል የሚሉትም ምክንያት አላቸው።

ጥያቄው በእንጥልጥል እያለ በዚህ እትም የእቴጌ መነን አስፋውን ሕይወት ልንጽፍላችሁ ወደድን። ስማቸውን የማያውቅ የለም። በስማቸው የተጠራው የሴቶች ትምህርት ቤት እንዴት እንደተከፈተ፣ እንዴት እንደተዘጋ፣ እንዴትስ እንደገና እንደተነሣ የሚያስታውስ ግን እየቀነሰ ነው። ለእኛ ለካዛንቺስና ለቂርቆስ ሰዎች ደግሞ ታሪካቸው ሩቅ አይደለም። ከመስቀል አደባባይ ወደ ካዛንቺስ በሚወጣው ጎዳና፣ በአንድ በኩል የአፍሪካ አዳራሽን፣ በሌላው በኩል የዛፍ አጥሩን እያየን የምናልፈው የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የመጨረሻ ዘመናቸውን ያሳለፉበት ግቢ ነው።

እቴጌ መነን የተወለዱት በ1880ዎቹ መጀመሪያ በወሎ፣ አምባሰል ነው። አባታቸው የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው፣ እናታቸው ደግሞ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ወይዘሮ ስኂን ናቸው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነው። ልጅ ኢያሱ የእናታቸው ወንድም ስለሆኑ አጎታቸው ነበሩ። ከእንዲህ ዓይነት ቤት ለተወለደች ሴት ልጅ በዚያ ዘመን የሚታሰብላት ነገር አንድ ነበር፤ ለማን ትዳር? ጋብቻ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የሁለት ቤቶች ስምምነት፣ አንዳንዴም የሁለት ጦሮች ዕርቅ ነበር። መነንም በዘመኑ ልማድ ገና በልጅነታቸው ተዳሩ። ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ከመጋባታቸው በፊት ሌላ ትዳር ይዘው፣ ፈትተው፣ የአራት ልጆች እናት ሆነው ነበር። በ1903 ዓ.ም. የያኔውን ደጃዝማች፣ የኋላውን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ተፈሪ መኮንንን አገቡ። ከእሳቸው ስድስት ልጆች ወለዱ፦ ተናኘወርቅ፣ አስፋ ወሰን፣ ዘነበወርቅ፣ ፀሐይ፣ መኮንንና ሣህለ ሥላሴ። ባጠቃላይ አሥር ልጆች ማለት ነው።

ይህን የምንዘረዝረው ለትውልድ ቆጠራ አይደለም። በኋላ የከፈቱት ትምህርት ቤት ምን እንደለወጠ የሚገባን ከዚህ ስንነሣ ነው። መነን ከጓዳ ወደ ጫጉላ፣ ከጫጉላ ወደ አራስ ቤት እንጂ በመሐል ለራሳቸው የሚሆን ዕድሜ አላገኙም። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብተው አልተማሩም፤ በወቅቱ ለሴት ልጅ የሚሆን የመንግሥት ትምህርት ቤትም አልነበረም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም ሆነ፣ ባለቤታቸው አልጋ ወራሽ ሳሉ በ1917 ዓ.ም. የከፈቱት የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት የወንዶች ነበሩ። ከመኳንንቱ ቤት ወንዱ ፊደል ቆጥሮ፣ ፈረንሳይኛ ተምሮ ወደ ውጭ ሲላክ እህቱ ቤት ትቀር ነበር። ሴት ልጃቸውን ያስተማሩ ጥቂት አባቶች ነበሩ፤ እነሱም ቢሆኑ ወደ ሚሲዮን ወይም ወደ ውጭ አገር መላክ ነበረባቸው።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ባለቤታቸው ሲነግሡ መነንም በዚያው ቀን የእቴጌነት ዘውድ ጫኑ። ቀደም ሲል ንግሥቲቱ ዘውድ የምትጭነው ንጉሡ ከነገሠ ከቀናት በኋላ ነበርና ይህ ራሱ አዲስ ነገር ነበር። ከዚያም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1931፣ ዘውድ ከጫኑ ብዙም ሳይቆዩ፣ በስድስት ኪሎ ከገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሳይርቅ የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ቀንም አዳሪም ተማሪዎችን ይቀበል ነበር። ዳይሬክተሯ ፈረንሳዊት ነበሩ፤ ትምህርቱም በአብዛኛው በፈረንሳይኛ ይሰጥ ነበር። ከቋንቋና ከሒሳብ ጋር የቤት አያያዝና የእጅ ሥራም ነበረበት።

አዳሪ የሚለውን ቃል እናቶች በደንብ እናውቀዋለን። ከወሎ ወይም ከሐረር የመጣች ልጅ ማታ ማታ የምትገባበት ቤት ካላገኘች ትምህርት ቤቱ ለእሷ የለም ማለት ነው። ወላጅም ልጁን አሳልፎ የሚሰጠው የሚያምናቸው ሰው ከበሩ ላይ ካለ ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ የእቴጌይቱን ስም መያዙ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነበር። ሴት ልጅ ከቤት ወጥታ መማሯን እንደ ነውር የሚያይ ባላባት እንኳ የእቴጌይቱን ስም አይቶ እምቢ ለማለት ይቸገራል። እሳቸውም ስማቸውን ሰጥተው ዞር አላሉም። ትምህርት ቤቱን ይጎበኙ ነበር፤ በምረቃው ቀን ተገኝተው ሰርተፊኬት ይሰጡ ነበር።

እዚህ ላይ እውነቱን ሙሉ እንናገር። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በብዛት የመኳንንትና የሹማምንት ልጆች ነበሩ። የጉሊት ሻጭ ልጅ፣ የእንጨት ተሸካሚ ልጅ በዚያ በር ለመግባት ገና ብዙ ዓመት መጠበቅ ነበረባት። የእቴጌይቱ ሀብትም ቢሆን በዚያ ሥርዓት ውስጥ የተገኘ ሀብት ነው፤ ከሰፊ መሬትና ከገባር ጉልበት የመጣ። ይህን የምንለው ለወቀሳ ሳይሆን ከእኛ ጋር ያለውን ልዩነት ለማየት ነው። እሳቸው የፈለጉትን ለመስጠት የማንንም ፈቃድ አይጠይቁም ነበር፤ ሒሳቡንም የሚጠይቃቸው አልነበረም። የእኛ ገንዘብ ግን የእንጀራ ጋጋሪዋና የልብስ አጣቢዋ ነው፤ እያንዳንዱ ብር የሚጠይቅ ባለቤት አለው።

ትምህርት ቤቱ አምስት ዓመት ሳይሞላው ጦርነት መጣ። በ1927 ማብቂያ፣ ጣሊያን ድንበር ከመሻገሩ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ እቴጌ መነን በሬዲዮ ለዓለም ሴቶች ንግግር አደረጉ። እናቶች ሁሉ ጦርነትን እንዲቃወሙ ተማጠኑ። በዚያው ዘመን በእሳቸው ጠባቂነት፣ በልጃቸው በልዕልት ፀሐይ ትጋት የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ተቋቋመ። የአዲስ አበባ ሴቶች ተሰብስበው ለዘማቹ ፋሻና ልብስ አዘጋጁ። እንደ እኛ ላሉ ማኅበራት ሁሉ ታላቅ እህት ሊባል የሚገባው ያ ማኅበር ነው።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሣዊው ቤተሰብ በባቡር ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በመርከብ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደ። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ተማሪዎቹ ተበተኑ። በገነተ ልዑል ግቢ የጣሊያን እንደራሴ ገባ። በዚያው ግቢ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በከተማይቱ ሕዝብ ላይ የወረደው እልቂት ይታወቃል። የተማሩት ወጣቶች በተለይ እየተፈለጉ ተገደሉ። የኛም ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ዘመን ነው፤ ጣሊያኖቹ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ከሚሠራው ድርጅታቸው ስም። ለእነሱ ሠራተኞች ቤት ሲሠራ ለኢትዮጵያውያን ልጆች ትምህርት ቤት ይዘጋ ነበር።

እቴጌ መነን ለጥቂት ጊዜ በእንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ከባለቤታቸው ጋር ቆዩ። አየሩ ስላልተስማማቸው ግን ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሱ። ከስደቱ በፊትም ወደ ቅድስት አገር ተሳልመው፣ በዮርዳኖስ ወንዝ ዳር የሥላሴን ገዳም አሠርተው ነበር። በስደቱ ዘመን በቤተ ልሔም በጌታ ልደት ቤተ ክርስቲያን ተሳሉ፤ አገሬ ነጻ ከወጣች ዘውዴን ለእመቤታችን እሰጣለሁ ብለው። ከድል በኋላም ስለታቸውን ፈጸሙ፤ ዘውዱ ወደ ቤተ ልሔም ሄደ። ለእሳቸው በምትኩ ሌላ ተሠራ። በስለት የሚያምን ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። በእጁ ያለውን የራሱ ሳይሆን የአደራ ዕቃ አድርጎ የሚያይ ሰው ሥራ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ እቴጌይቱም ወደ አገራቸው ተመለሱ። የጠበቃቸው የተቃጠለና የተራቆተ አገር ነበር። ማስቀደም የሚቻለው ብዙ ነው፤ ሆስፒታል አለ፣ የአርበኛው ልጅ አለ፣ የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን አለ። የሴቶች ትምህርት ቤት ቆይ ቢባል ማንም አይፈርድም ነበር። ነገር ግን ከተከፈቱት የመጀመሪያዎቹ ትምህርት ቤቶች ጋር የእቴጌ መነንም ተከፈተ።

ለእኛ ከታሪካቸው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። መጀመሪያ ሲከፍቱ ዘውድ የጫኑበት ደስታ፣ የውጭ እንግዳ፣ ሙሉ ሣጥን ነበር። ሁለተኛው መክፈት ግን ያለ ድግስ ነው። የተበተኑትን ልጆች መፈለግ፣ መምህር ማጣት፣ የተሰበረ አግዳሚ ወንበር መጠገን ነው። ፈረንሳይኛው ቀርቶ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሆነ፤ መጽሐፉም መምህሩም መለወጥ ነበረበት። ትምህርት ቤት የሚመሠረተው በዚያ በመጀመሪያው ቀን ይመስለናል፤ በእርግጥ የሚመሠረተው ከፈረሰ በኋላ ተመልሶ የሚያነሣው ሰው ሲገኝ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር ሥራው ለማን ተላለፈ የሚለው ነው። ከድሉ በኋላ በነበሩት ዓመታት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ወደ እቴጌ መነን ትምህርት ቤት መጡ፤ በመጀመሪያ ምክትል፣ በኋላም ዳይሬክተር ሆኑ። ትምህርት ቤቱን የመሩ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ናቸው። ወይዘሮ ስንዱ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ሲሆኑ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተምረዋል። በወረራው ዘመን ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ወደ ጎሬ ሄደው ቁስለኛ ሲያስታምሙ ቆይተው ተማርከው በጣሊያን አገር ታስረዋል። ከድል በኋላ በደሴ አስተምረው ነው ወደ አዲስ አበባ የመጡት። ለተማሪዎቻቸው ቴአትር ይጽፉ ነበር፤ በ1942 ዓ.ም. የልቤ መጽሐፍ የተሰኘውን ድርሰታቸውን አሳተሙ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1957 በተደረገው ምርጫ ከአዲስ አበባ ተመርጠው የመጀመሪያዋ የሴት የምክር ቤት አባል ሆኑ። በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የተቀመጡ ልጃገረዶች በየጠዋቱ በሰልፍ ላይ ከፊታቸው የሚያዩት እንዲህ ያለችውን የአገራቸውን ሴት ነበር። የውጭ መምህርት ማስተማር ትችላለች፤ አንቺም እንዲህ መሆን ትችያለሽ የሚለውን ግን በመቆም ብቻ ልታሳይ አትችልም።

ትምህርት ቤቱ እየሰፋ፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ ልጆች እየገቡበት ሲሄድ ከእሱ የወጡት ሴቶች መምህርት፣ ነርስ፣ ጸሐፊ፣ የቢሮ ኃላፊ ሆኑ። እኛም በየሰፈራችን ያስተማሩን፣ የወለድንባቸው፣ ክትባት የሰጡን ትልልቅ እናቶች መካከል ከዚያ የወጡ ነበሩ።

የእቴጌ መነን የቤት ሕይወት ግን ኀዘን የበዛበት ነበር። ልዕልት ዘነበወርቅ ከጦርነቱ በፊት በወጣትነታቸው አረፉ። ለንደን ሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው፣ ከድል በኋላ ለአገራቸው ሕክምና ብዙ ያስባሉ የተባሉት ልዕልት ፀሐይ በ1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ በወሊድ ምክንያት ሞቱ። ልዑል መኮንን በ1949 ዓ.ም. በመኪና አደጋ አለፉ። ልጅ የቀበረች እናት ምን እንደምትሆን ለአባሎቻችን አንነግርም። በዚህ ሁሉ መሐል ግን ለቤተ ክርስቲያን፣ ለድሆች፣ ለቀይ መስቀልና ለትምህርት ቤቱ የነበራቸው ጠባቂነት አልተቋረጠም። ለአክሱም ጽዮን አዲሱ ካቴድራልም ከግል ገንዘባቸው ሰጥተዋል፤ ሲጠናቀቅ ለማየት ግን አልደረሱም።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ሲደረግ ገነተ ልዑል የብዙ ሹማምንት ደም ፈሰሰበት። ከዚያ በኋላ ንጉሣዊው ቤተሰብ ግቢውን ለቆ ወደ እኛው ሰፈር፣ በ1948 ዓ.ም. ለንግሥናው 25ኛ ዓመት ወደ ተሠራው የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ተዛወረ። ገነተ ልዑል ለትምህርት ተሰጠ፤ በ1954 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ የዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። እቴጌ መነን ከሠላሳ ዓመት በፊት የከፈቱት የሴቶች ትምህርት ቤት ጎረቤቱ ቤተ መንግሥት መሆኑ ቀርቶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ የምትወጣ ልጅ ቀጣዩን በር ጎዳናውን ተሻግራ ታገኘዋለች። ይህ ከሆነ ጥቂት ወራት ሳያልፍ፣ የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. እቴጌ መነን አረፉ። በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

ከሞቱ በኋላ ትምህርት ቤቱ ብዙ አይቷል። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ስሙ ተነሥቶ የካቲት 12 ተባለ፤ ወንዶችም ገቡበት። የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበሩም ቀረ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የእቴጌይቱ ስም ተመልሶ ግቢው የሴት ተማሪዎች አዳሪ ትምህርት ቤት ሆኗል። ሥርዓት ሲለወጥ፣ ስም ሲነሣና ሲመለስ፣ ደወሉ ግን በየጠዋቱ ይደወል ነበር። ለዚህ ምስጋናው የመሥራቿ ብቻ አይደለም። ስማቸው የማይጻፍ መምህራን፣ ዘበኞች፣ ወጥ ሠሪዎችና ወላጆች ሥራ ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ሒሳብ እንመለስ። እኛ ዘውድ የለንም፤ መሬትም የለንም። ያለን በወር የምናዋጣው ገንዘብና ለረጅም ዘመን የተዋወቅን ሰዎች መሆናችን ነው። ዛሬ የከተማ አስተዳደሩ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ፣ ዩኒፎርምና ደብተር ያቀርባል፤ ይህ ለእኛ ትልቅ ዕረፍት ነው። የቀረው ትንሽ የሚመስለው ነው፦ የንጽሕና መጠበቂያ፣ የመነጽር፣ የማጠናከሪያ ትምህርት ክፍያ፣ የታመመች እናት ያለቻት ልጅ እንዳታቋርጥ የሚደረግ ክትትል። ልጅን ከትምህርት ቤት የሚያስቀሩት ብዙ ጊዜ እነዚህ ትናንሾቹ ናቸው። ገላን ጉራም ቢሆን፣ አራብሳም ቢሆን፣ ቂርቆስም ቢሆን።

ስለዚህ ለቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤ ሦስት ሐሳብ ይዘን እንቀርባለን። አንደኛ፣ ሒሳቡ እንዳይዘጋ፤ ነገር ግን የአንድ ሰፈር ሳይሆን አባሎቻችን ልጆቻቸውን ያስመዘገቡባቸው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ሴት ልጆች እንዲሆን። ሁለተኛ፣ ከየቦታው አንዲት እናት ከትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ጋር እንድትሠራ፤ ገንዘብ ሲወጣ በሦስት ፊርማ እንዲሆንና ገቢና ወጪው በየሦስት ወሩ በዚህ መጽሔት እንዲወጣ። የለገሳችሁን ወገኖችም እያንዳንዱን ብር የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ ጠይቁን። ሦስተኛ፣ ከሚመረጡት የኮሚቴ አባላት ቢያንስ ሁለቱ በዚህ ሒሳብ ታግዘው ተምረው የጨረሱ ወጣት ሴቶች እንዲሆኑ። መዝገቡን እነሱ ይያዙት፤ እኛ አጠገባቸው እንቀመጣለን።

የተቃወመም የደገፈም ሐሳቡን ይዞ ይምጣ። ከሩቅ የምትመጡ እህቶቻችን ቀኑ እሑድ እንዲሆንላችሁ የጠየቃችሁት ተቀባይነት አግኝቷል። የመዋጮ ደብተራችሁን አትርሱ።